ጊደር ተሽጦ የሚከፈልበት ትምህርት ለመሬታችን ምን ይመልሳል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ማግስት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ በሚገኙ አርሶ አደር ቤቶች ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አላመጣም፤ ታዲያ የትኛው የግል ኮሌጅ ይግባ? ክፍያውስ ከየት ይምጣ? መልሱ ብዙ ጊዜ ከበረት ነው፤ ካልሆነም ለልማት ከተነሳ መሬት ከተከፈለ ካሳ ላይ ይቆነጠራል። አንዴ የተሸጠች ጊደርም ሆነ አንዴ የወጣ የካሳ ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም። በመሆኑም በዚህ ገንዘብ ምን እየተገዛ እንደሆነ መጠየቅ የአባወራው ብቻ ሳይሆን የአመራሩም ኃላፊነት ነው።

የችግሩን ስፋት ቁጥሮች ያሳያሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ከቀሩት መካከል አቅም ያለው ቤተሰብ ፊቱን ወደ ግል ኮሌጅ ቢያዞር አያስገርምም። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ከስድስት የግል ተቋም ተማሪዎች አምስቱ ዓመታት ተምረውና ከፍለው በመጨረሻዋ በር ላይ ቆመዋል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው የግል ኮሌጆችን በጅምላ ለመውቀስ አይደለም። የግል ተቋማት ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ የማታ ትምህርት አቅርበዋል፤ የመንግሥት ተቋም ሊቀበለው ላልቻለ ወጣት በር ከፍተዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆን ከሦስት ተፈታኞች አንዱ በላይ በዚያ ፈተና ወድቋል። መነጋገር ያለብን ሁለቱም ዓይነት ተቋማት ለዚህ አካባቢ ኑሮ ምን እያስተማሩ ነው በሚለው ላይ ነው።

በከተሞቻችን ዋና መንገዶች ዳር የተሰቀሉ የኮሌጅ ማስታወቂያዎችን ያነበበ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ሒሳብ አያያዝ፣ ማኔጅመንት፣ ነርሲንግና ኮምፒውተር ነው። የወተት ላም አያያዝ፣ የመኖ ዝግጅት ወይም የእንስሳት ጤና የሚል ማግኘት ከባድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሒሳብ አያያዝን ለማስተማር የተከራዩት ፎቅ፣ ወንበርና ሰሌዳ ይበቃሉ። ግብርናን ለማስተማር ግን በረት፣ ማሳ፣ ቤተ ሙከራና እንስሳት ያስፈልጋሉ። ባለሀብቱ ወጪው ወደሚቀልበት ቢሄድ አይፈረድበትም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል መንግሥት ሥር ስለሆኑ የሱሉልታ ተማሪ አርባ ምንጭ ወይም ጅግጅጋ ሊመደብ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ምደባ ላይ የወረዳው አመራር ሥልጣን የለውም። በክልሉ ሥር የሚተዳደሩት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግን በእጃችን ያሉ ናቸው። የቡራዩ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው።

አካባቢያችን ምን ይፈልጋል? ሱሉልታ በወተትና በድርቆሽ የታወቀች ናት። ዙሪያውን በሚሊዮን የሚቆጠር ወተት ገዢ ሕዝብ አለ። አርሶ አደሩ የሚቸገረው የላሟን የኮርማ ፍላጎት በሰዓቱ ለይቶ አዳቃይ ቴክኒሻን በማግኘት፣ የጡት በሽታን ቀድሞ በመከላከል፣ ፋጉሎና ፉርሽካ ሲወደድ መኖ አመጣጥኖ በማዘጋጀትና ወተት ሳይበላሽ ገበያ በማድረስ ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድና የሁለት ዓመት ሥልጠና የሚመልሳቸው ሥራዎች ናቸው።

የሚያሳዝነው እውቀቱ ደጃፋችን ላይ መሆኑ ነው። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ የብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኙት ሰበታ ውስጥ ነው። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ጥቂት ሲሄዱ ጉደኔና ጃለኔ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች ያወጣው፣ በወተት ከብት ምርምሩም የሚታወቀው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በዚሁ መንገድ ላይ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ግብርና የተማረበት አምቦ አለ። ልጆቻችን ግን በእነዚህ ተቋማት አጥር ሥር አልፈው ለሒሳብ አያያዝ ይመዘገባሉ።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው ከአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት የመንግሥት የግብርና ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ያ ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን አንድ ላይ ያስኬድ ስለነበር ሐረማያም ይህንኑ መንገድ ወሰደ። በዚያው ግዛት ያለው የግል ተቋም የተልሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስሙ የሚነሳው በነዳጅ ምህንድስና ነው፤ ከተማዋ በነዳጅ የከበረች ናትና። የመንግሥቱም የግሉም ተቋም የቆመበትን መሬት ጠይቆ ነው ያስተማረው።

«መሬቱ ወደ ከተማ እየገባ እያለ ግብርና መማር ምን ይረባል?» የሚሉ ይኖራሉ። በእርግጥ ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ የእርሻ መሬቱም እየጠበበ ነው። ሆኖም እውቀት ይበልጥ የሚያስፈልገው መሬት ሲጠብ ነው። ሰፊ ግጦሽ ያለው ሰው በልማድ ሊያረባ ይችላል። በጠባብ ግቢ አምስት ላም ወይም ጥቂት መቶ ዶሮ የሚያረባ ግን ያለ ሥልጠና ይከስራል።

ስለዚህ ከአመራሩ ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ የአካባቢው የመንግሥት ኮሌጆች የወተት ሀብት፣ የመኖና የእንስሳት ጤና ሥልጠና እንዲከፍቱ ወይም እንዲያሰፉ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ፍላጎቱን በቁጥር አደራጅተው ያቅርቡ። ሁለተኛ፣ ከሰበታና ከሆለታ ተቋማት ጋር የተግባር ልምምድ ስምምነት ይፈረም፤ ያኔ ኮሌጁ ሁሉንም ቤተ ሙከራ ራሱ መገንባት አይጠበቅበትም። ሦስተኛ፣ በእነዚህ የግብርና ሙያዎች ለማሠልጠን ለሚደፍር የግል ኮሌጅ የማሠልጠኛ ቦታ በማመቻቸት ይደገፍ።

ወላጆች ደግሞ ጊደሯን ወደ ገበያ ከመንዳታቸው በፊት ኮሌጁን ይጠይቁ። እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነውና ልጅዎ በሚማርበት መስክና ግቢ የጸና ፈቃድ አለ ወይ? ባለፉት ዓመታት ከተመራቂዎቹ ስንቱ የመውጫ ፈተናውን፣ ወይም ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አለፉ? የተግባር ልምምዱስ የት ነው? መልሱን በጽሑፍ የማይሰጥ ኮሌጅ ገንዘብዎን ሊቀበል አይገባም። ፈቃዱን ራሱ ወላጁ ማጣራት ካልቻለ የቀበሌውና የወረዳው ትምህርት ባለሙያ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣርቶ ሊነግረው ግዴታ አለበት። የምዝገባው ወቅት ከመድረሱ በፊት ይህ መረጃ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው አንድ ወረቀት ነው፤ የሚያተርፈው ግን የብዙ ቤተሰብ ጥሪት ነው።