ፊደል ለዜማ ምን ያደርጋል?

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ እኔ ዘፈኑን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ፊደል ለዜማ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን በሩቅ አገር ታሪክ ልንገራችሁ።

በአውሮፓ ስኮትላንድ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ሰዎቹ የሚነፉት መሣሪያ ስልቻ አለው። ነፊው ስልቻውን በትንፋሹ ይሞላና በክንዱ ይጫነዋል። አንዱ ቧንቧ በጣት ይዳሰሳል፤ ዘጠኝ ድምፅ ያወጣል። ሌሎቹ ሦስቱ ትከሻው ላይ ሆነው፣ እንደ ንብ ቀፎ ሳያቋርጡ እምም ይላሉ።

ዜማቸው ሁለት ዓይነት ነው። ትንሹ ዜማ ለጭፈራና ለሰልፍ ነው። ትልቁ ዜማ ግን ለሙት ለቅሶ፣ ለታላቅ ሰው ሰላምታና ሰውን ለመሰብሰብ ነው። በዝግታ ይጀምራል። ይህን መጀመሪያ «ወለል» ይሉታል። ቤት ከወለሉ እንደሚነሣ ማለት ነው። ከዚያ ጣት እየፈጠነ፣ ዜማው እየተወሳሰበ ይሄዳል። በመጨረሻ ወደ ወለሉ ይመለሳል።

ጥንት ይህን ሁሉ የሚይዘው የሰው ጭንቅላት ነበር። መምህሩ «ሂሃሪን» እያለ በአፉ ያዜማል። እያንዳንዱ ቃል ለጣት ምልክት ነው። ተማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ ከዚያ ይነፋል። ነፊዎቹንም ባላባቶች ያኖሯቸው ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1746 ብዙ የደጋው ሰዎች የተሰለፉበት ጦር ከሎደን ላይ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የባላባቶቹ ሥልጣን ተቀነሰ። ነፊ የሚያኖርም እያነሰ ሄደ። ሽማግሌው ነፊ ሲሞት፣ ተማሪ ያልያዘው ዜማ አብሮት ይቀበር ጀመር።

በ1797 ግን ኮሊን ካምቤል የተባለ ነፊ እነዚያን የአፍ ድምፆች በፊደል ጻፋቸው። ልክ እንደ እናንተ፣ የሰማውን ድምፅ በፊደል አሰፈረ። ሦስት ጥራዝ ሆነ። ሁለቱ ዛሬም አሉ፤ ነፊዎች ይማሩባቸዋል። ሦስተኛው ጠፋ። በውስጡ የነበረውን ሁሉ ዛሬ የሚነግረን የለም።

ታዲያ ፊደል ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም። የትኛው ድምፅ እንደሚረዝም፣ የትኛው እንደሚያጥር ተማሪው ዛሬም ከመምህሩ አፍ ይሰማል።

እንግዲህ አባቴ፣ ፊደል የእርስዎን አፍ አይተካም። እርስዎ በሌሉበት ግን ለልጅ ልጅዎ መነሻ ይሆነዋል። በሚመጣው ትምህርት አንድ ዘፈን ይበሉልን፤ እኛ እንጽፋለን። ደብተሩን ደግሞ ከዝናብና ከአይጥ እንጠብቅ።