ሩቁን ሲያቀርብ ቅርቡን እንዳያርቅብን



በዚህ ዕትም የማወጋችሁ ቤታችን ስለ ገባ አንድ አዲስ እንግዳ ነው። እንግዳው ታብሌት ይባላል። ከስልክ ሰፋ፣ ከኮምፒውተር ጠበብ ያለ፣ በጣት እየተነካ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው አፕል የተባለው ኩባንያ በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) አይፓድን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሲሆን፣ ባቲ ያለው ቤታችን የደረሰው ግን ገና ከ3 ወር በፊት ነው። ባለቤቴ ለስብከት ዝግጅት ፈለገው፤ እኔ ለእኅቶች ትምህርት ፈለግሁት፤ ልጆቻችን ደግሞ ለሁሉም ነገር ፈለጉት።

መቼም አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር በአማኞች መካከል ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «በረከት ነው» ይላል፤ ሌላው «ወጥመድ ነው» ይላል። ቴሌቪዥን ሲመጣም፣ ሞባይል ሲመጣም ያው ነበር። እኔ በእነዚህ 3 ወራት ያየሁት ግን አንድ ዕቃ ሁለቱንም ሲሠራ ነው። ሩቁን ያቀርባል፤ በዚያው ቅርቡን ያርቃል። ስለዚህ በቤታችን የምንጠይቀው ጥያቄ «ዛሬ ማንን አቀረበልን? ማንንስ አራቀብን?» የሚል ሆኗል።

ያቀረበልን

በእኅቶች የጸሎት ኅብረታችን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አንዲት እናት አሉ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ደክሞ ፊደሉን መለየት ካቃታቸው ቆይቷል። አንድ ረቡዕ ታብሌቱ ላይ መዝሙር 23ን ከፍቼ፣ ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል አሳድጌ ሰጠኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃል በቃል ማንበብ ጀመሩ። ጣታቸው ገጹን በነካ ቁጥር ምዕራፉ ይገለበጥባቸው ነበር። «ኧረ ይሄ ነገር አላስጨርስ አለኝ!» ሲሉ ሁላችን ሳቅን። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሰው ሲያነብልኝ ነበር። ዛሬ ራሴ አነበብሁ» አሉኝ። ፊደል ላልቆጠሩትም በድምፅ የተቀረጸ የአማርኛ አዲስ ኪዳን አለ። እምነት ከመስማት እንደሆነ ሐዋርያው የተናገረውን (ሮሜ 10፥17) እያሰብሁ፣ አሁን የጸሎት ፕሮግራማችንን የምንጀምረው አንድ ምዕራፍ አብረን በመስማት ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። እኛ ባለንበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች ኦሮምኛን በቁቤ ይማራሉ፤ እኔ ያደግሁት በግዕዝ ፊደል ነው። በታብሌቱ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያገላበጥን ስናነብ አንዳንዱን ቃል ልጆቹ ያስረዱኛል፤ አንዳንዱን እኔ አስረዳቸዋለሁ። ይህን ባየሁ ቁጥር አስቴር ጋኖ ትታወሰኛለች። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከእርስዋ ጋር የደከመበት ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ሁለቱም ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ስንት ዓመት የለፉበት ቃል ዛሬ በአንድ ጣት ሲከፈት፣ የከፈለውን ሰው መርሳት አይገባም። ለልጆቻችንም ይህን ታሪክ እንንገራቸው።

ሦስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ የሆነ ነው። ጎረቤቴ ሙስሊም እናት ናቸው፤ ዓመታት ቡና አብረን ጠጥተናል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሸኘ ቤት ብዙ ነው። የእርሳቸውም ልጅ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። በእጃቸው ያለችው ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ስለሆነች ድምፅዋን እንጂ ፊቷን ካዩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ዓርብ ቡናው ተቀራርቦ፣ አቦሉ ሳይቀዳ በኢሞ ደወልንላት። ልጅቱ በሰፊው ገጽ ላይ ብቅ ስትል እናትየው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ የወጣቸው ቃል «ከሳሽብኝ ልጄ?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት የእርሳቸው ሰዓት ነው። ቤታችንንም ሳይመርቁ አይወጡም። እኅቶቼ፣ ጎረቤትን ስለ መውደድ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ብዙ ተምሬአለሁ፤ በዚያች ዓርብ ግን ትምህርቱ አንድ ታብሌትና አንድ ስኒ ቡና ብቻ ነበር የጠየቀው።

ያራቀብን

ሌላውንም ወገን ልንገራችሁ። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። በዚያን ቀን ከተማው በሰውና በግመል ይሞላል፤ ማታ ሁሉም ደክሞ ይገባል። አንድ ሰኞ ማታ እኔ ጓዳ ወጥ ሳወጣ፣ ትንሹ ልጃችን ገበያ ያየውን ሲያወራ እሰማለሁ። «አባዬ፣ ግመሉ እኮ...» ብሎ ጀመረ። መልስ የለም። ደግሞ ጀመረ። አሁንም መልስ የለም። ሦስተኛ አልሞከረም። ገበታውን ይዤ ስወጣ አባቱ ከታብሌቱ ላይ ለእሑድ የሚሰብከውን ክፍል እያነበበ ነበር፤ እኅቱ ከአጠገቡ ተጠግታ ተራዋን ትጠብቃለች። (ባለቤቴ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ከእራት በኋላ ልጁን አቅፎ የግመሉን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰምቶታል።)

ልብ በሉ፤ በዚያች ማታ ገጹ ላይ የነበረው መጥፎ ፊልም አልነበረም፤ ቅዱስ ቃሉ ነበር። መልካም ነገር ስለ ተከፈተበት ብቻ ዕቃው ቅርቡን አያርቅም ማለት አይደለም። ሙሴ ለእስራኤል ወላጆች ያዘዘው ቃሉን እንዲያነብቡ ብቻ አልነበረም፤ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ለልጆቻቸው እንዲናገሩት ነው (ዘዳ. 6፥7)። ለመናገር ደግሞ ቀና ብሎ ልጁን ማየት ያስፈልጋል።

ሐዋርያው ዮሐንስ ይህን ያውቅ ነበር። በዘመኑ ሩቁን የሚያቀርበው መሣሪያ ወረቀትና ቀለም ነበር፤ እርሱም ተጠቅሞበታል። ነገር ግን በሁለት አጫጭር መልእክቶቹ መጨረሻ ላይ፣ የምጽፈው ብዙ ነገር እያለኝ በወረቀት መጨረስ አልወድም፣ ፊት ለፊት ልናገር እሻለሁ በማለት ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ደስታው ፍጹም የሚሆነው በዚያ እንደሆነ ይናገራል (2ዮሐ. 12፤ 3ዮሐ. 13-14)። መሣሪያውን አልናቀውም፤ የፊት ለፊትን ስፍራ ግን አልሰጠውም።

የወንጪ ልጆች ምን ያስተምሩናል?

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2012 የተዘገበ አንድ ሙከራ አለ። ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል አይተው ለማያውቁ 40 ያህል ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ፣ በታሸገ ካርቶን ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በ5 ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ጀመር። በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል እያዜሙ ነበር። በ5 ወር ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት!

ለእኛ ለወላጆች ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛ፣ ውስጡ የገባው ነገር አስቀድሞ ታስቦበት ነበር፤ የፊደል መጫወቻ፣ መጻሕፍትና ካርቱን ተመርጦ ተጭኖበታል። ልጅ ያገኘውን ይማራል፤ ስለዚህ የሚያገኘውን መምረጥ የወላጅ ፈንታ ነው። ሁለተኛ፣ የተዘጋን ነገር ልጅ ይከፍተዋል። በይለፍ ቃል ብቻ የምትተማመኑ እናቶች የወንጪን ልጆች አስቡ። ከቁልፍ ይልቅ አብሮ መቀመጥ ይጠብቃል።

ለትንንሾቹ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ገጽ ፊት መቀመጥ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ቢያንስም ይሻላል ይላል። ሕፃን ሲያለቅስ ታብሌት ማቀበል ለእኛ ዕረፍት ሊመስለን ይችላል፤ ሕፃኑ የሚፈልገው ግን የእናቱን ፊት ነው።

በእኛ ቤት የተስማማንበት

ባለቤቴና እኔ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን በ4 ነገር ተስማምተናል። ለቤታችሁ የሚስማማውን ውሰዱ።

1. ገበታ ሲቀርብ ታብሌቱ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። መጋቢም ቢሆን፣ ለስብከትም ቢሆን።

2. በቤተሰብ ጸሎት ጊዜ አንዱ ከታብሌቱ ያነብባል፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። ሁላችንም በየግላችን ገጽ ላይ አናቀረቅርም።

3. ልጆች የሚያዩትን ሁሉ በሳሎን ያዩታል። ማታ ታብሌቱ የሚያድረው በእኛ ክፍል ነው።

4. በሳምንት አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው እናውለዋለን፤ ዓይናቸው ለደከመ እናት፣ ወይም ልጃቸው ለራቀችባቸው ጎረቤት።

በመጨረሻ እንደ እኛ በቆላ ከተማ ላላችሁ ጥቂት ምክር። ታብሌትን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አትተዉት፤ ሙቀት ባትሪውን ይጎዳዋል። መብራት ሲኖር ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉት፤ ፓወር ባንክ ወይም ትንሽ ሶላር ከተገኘ ይጠቅማል። መጽሐፍ ቅዱሱንና የድምፅ ንባቡን ኔትወርክ ባለበት ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱስ ከጠረጴዛው ላይ አታንሡት። እርሱ ቻርጅ አይፈልግም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። የራቁባችሁን ያቅርብላችሁ፤ በአጠገባችሁ ያሉትንም የምታዩበት ዓይን ይስጣችሁ። እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑ።