የንግድ ደብዳቤ በየትኛው በር ይውጣ?

ከካማሺ ሰሊጥ እየሰበሰበ ለውጭ አገር የሚያቀርብ ነጋዴ ዋጋውን ለገዢው የሚያስታውቀው በኢሜይል መሆኑ የታወቀ ነው። ማስታወቂያው በጊዜው ካልደረሰ ገዢው ወደ ሌላ ሻጭ ይዞራል። ስለዚህ ደብዳቤ ሳይደርስ የሚቀርበትን ምክንያት መመርመር ለቴክኒክ ሠራተኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ነው። የድርጅቱ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የአይፒ አድራሻ አለው፤ ይኸውም አንዱ ለድረ ገጹ፣ ሌላው ለኢሜይሉ ሲሆን፣ አንዳንዴም አይፒ ቪ6 የተባለው አዲሱ ረጅም ቁጥር ይጨመርበታል። የኢሜይሉ ሰርቨር በየትኛው እንዲልክ ካልታዘዘ ኮምፒዩተሩ በራሱ መርጦ ይልካል። በተቀባዩ በኩል ግን ጥብቅ ምርመራ አለ። ኤስፒኤፍ የተባለው መዝገብ በድርጅቱ ስም ለመላክ የተፈቀደላቸውን ቁጥሮች ይዘረዝራል፤ እንዲሁም ቁጥሩ ወደ ስም፣ ስሙም ወደ ቁጥሩ ሲመለስ መግጠም አለበት። ጂሜይል ይህን የስምና የቁጥር መግጠም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለሁሉም ላኪዎች ግዴታ አድርጎታል። ባልተመዘገበ ቁጥር የወጣ ደብዳቤ የሌላ ቤት ማኅተም እንዳረፈበት ወረቀት ይቆጠራል፤ ወይ ይመለሳል፣ ወይ በአይፈለጌ መልእክት ሣጥን ውስጥ ይወድቃል። የሚከፋው ሁለተኛው ነው፤ ላኪው ደርሷል ብሎ መልስ ይጠብቃልና።

ካማሺ ላይ ሆኖ በስልኩ የሚጽፍ ወኪል የስልኩ ቁጥር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሊሠጋ አይገባም፤ ደብዳቤው በድርጅቱ ሰርቨር በኩል ካለፈ በዋናነት የሚመረመረው የሰርቨሩ መውጫ ነው።

አንዳንዶች በብዙ ቁጥሮች እያፈራረቁ መላክን እንደ ብልሃት ይቆጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። መልካም ስም በቁጥሩ ላይ ቀስ በቀስ የሚገነባ በመሆኑ፣ ማፈራረቅ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ መታየትን ያስከትላል። የኪራይ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ከማይታወቁ ሰዎች ጋር አንድ ቁጥር መጋራትም ያው ነው፤ አንዱ ተከራይ አይፈለጌ መልእክት ቢበትንና ቁጥሩ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ የእገዳ መዝገቦች ቢሰፍር፣ ቅጣቱ ለንጹሑም ይተርፋል። ትንሹ ባለሱቅ የራሱን ሰርቨር ከማቆም ይልቅ በታወቀ የኢሜይል አገልግሎት ቢጠቀም ይሻለዋል። የራሱን ያቆመ ላኪ ግን አንድ ቁጥር ለይቶ ይያዝ። ፖስትፊክስን በመሰለው ፕሮግራም ይህን የሚያስር የአንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ ከዚያም ባለቤቱ ለራሱ የጂሜይል ሣጥን የሙከራ ደብዳቤ አስልኮ፣ በራስጌው ላይ የሚታየው ቁጥር የተመዘገበው መሆኑን ባለሙያውን አጠገቡ አስቀምጦ ያመሳክር።