አዲስ ሠራተኛ ሲመጣላችሁ



ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አልጽፍም። የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ለአለቆች ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ርዕሰ መምህር፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ቡድን መሪ ወይም የሎጅ ባለቤት ከሆናችሁ፣ ያውም ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጃን አሞራ ወይም በየዳ ከሆናችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። «ልጄ ሥራ ያዘ» ብላችሁ ሩቅ አገር የሸኛችሁ ወላጆችም እንደዚሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። አዲስ ተመራቂ በተቀጠረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲከሳ፣ ከሥራ ሲቀር፣ መጠጥ ሲለምድ ወይም ጥሎ ሲሄድ «አልቻለም» እንላለን። እኔ እንደማየው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጥለው እንቅልፍ ማጣት፣ የደመወዝ መዘግየት፣ ብቻውን መብላትና የሚጠይቀው ሰው ማጣት ነው። አራቱም ያለ ሐኪም የሚታከሙ ናቸው። መድኃኒቱም ያለው እናንተ ቢሮ ውስጥ ነው።

«የዛሬ ልጅ ቅንጡ ነው፤ እኛ ስንቀጠር በእግራችን ተጉዘን፣ ደረቅ መሬት ላይ ተኝተን ነው የሠራነው» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ተጉዘዋል፣ ተኝተዋል። ነገር ግን አብረዋቸው የተመደቡት ሁሉ ዛሬ ቁጭ ብለው አያወሩንም። ታሪኩን የምንሰማው ከቀሩት ብቻ ነው። ደግሞስ የድሮው ሰው ሁሉ ብቻውን ነበር ወይ? እዚሁ ጎንደር በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ እያስተማረ በቡድን ነበር ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርዳቸው። ይህ የተደረገው ለሥራው ሲባል ነው። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል፦ ማታ አብሮ እራት የሚበላ ሰው አላቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶችን ነው የመደበው። አንዷ ስትዛወር ወይም ለወሊድ ስትወጣ ሌላዋ ብቻዋን ስትቀር ምን እንደሚሆን ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ሪፖርቱ ሁለት ሰው እንዳለ ሆኖ ይጠየቃል፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው ይጠራል።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የእኛ አካባቢ የራሱ ጠባይ አለው።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከመተማ፣ ከሁመራ ወይም ከጋምቤላ የመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች በደንብ ላይተኛ ይችላል። ራስ ምታት፣ ቶሎ ማለክለክ፣ ሌሊት መባነን ከ2,500 ሜትር በላይ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ልጁ ይህን ካልተነገረው «ልቤን አመመኝ» ብሎ ይጨነቃል፣ ጭንቀቱ ደግሞ እንቅልፉን ጭራሽ ያጠፋዋል። አንድ ሰው «አይዞህ፣ ከፍታው ነው፣ ውኃ ጠጣ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ በል» ቢለው ያ ሁሉ አይመጣም። ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ ሠራተኛ ደግሞ መኪናው በብዋሒት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው የሚያሳልፈው። ጉንፋን የያዘው፣ አስም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ካለች ከጉዞው በፊት ሐኪም ታማክር።

ብርዱንም አትናቁት። አንድ ቦርሳ ልብስ ይዞ ከቆላ የመጣ ልጅ፣ ደመወዝ ሳይወጣለት ብርድ ልብስ ከየት ይገዛል? ሲበርደው አረቄ ይጋበዛል። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል፤ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚስበው ግን የሰውነት ሙቀት ቶሎ ይወጣል፣ እንቅልፉም ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ይቆራረጣል። በዚህ መንገድ በክረምት የተጀመረ መጠጥ በበጋ አይቆምም። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ለአዲስ ሠራተኛ ፍራሽና ሁለት ብርድ ልብስ በውሰት ቢያስቀምጥ የምትቆጥቡት ገንዘብ እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ነው የምትቆጥቡት።

ቁልቁል ለሚወርደው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሊማሊሞ ወርዶ ዛሪማ ወይም አዲ አርቃይ የተመደበ የደጋ ልጅ ወባን የሚቋቋም ሰውነት የለውም። አጎበር ይሰጠው። ትኩሳት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ «ሥራ ሳልለምድ ፈቃድ ልጠይቅ?» ብሎ እንዳይተኛ አስቀድማችሁ ፍቀዱለት።

ወደ ገንዘቡ። አዲስ የመንግሥት ቅጥር የመጀመሪያ ደመወዙን በወሩ አያገኝም፣ ብዙ ጊዜ። ደብዳቤው ይዘገያል፣ ፔሮል ላይ እስኪገባ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልፋል። ልጁ በዚህ ጊዜ በዱቤ ይበላል፣ የቤት ኪራይ ተጠይቆ ይሸሻል። ቤተሰብ ደግሞ «ሥራ ይዟል» ብሎ ታናሹን ሊያስተምርለት ይጠብቃል። እናቱ የመጀመሪያ ደመወዙን መርቃ እንድትቀበል፣ ጋቢ እንዲገዛላት ልቡ ይፈልጋል፤ እሱ ግን ገና የሹሮ ዱቤ አልከፈለም። ይህን ኀፍረት ለማንም አይናገርም። የገንዘብ ጭንቀት ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ወደ እኛ ካርድ ክፍል ይመጣል፤ እኛም ለጨጓራ ኪኒን እንሰጠዋለን። ኪኒኑ ደመወዝ አያወጣም። የሰው ሀብት ክፍሉ የልጁን ወረቀት በእጁ ይዞ ፋይናንስ ድረስ ቢሄድለት ከማንኛውም «የሠራተኞች ደኅንነት ሥልጠና» ይበልጣል። ካልሆነም የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በየወሩ ከምታዋጡት እድር ወይም ቁጠባ ለሁለት ወር አበድሩት።

ስለ ሥልጠና ካነሳሁ አይቀር፦ አዳራሽ ሰብስቦ «ጭንቀትን እንዴት እንቋቋም» ማለት ክፉ አይደለም። ግን ለሦስት ቀን ያልተኛን ነርስ ስለ እንቅልፍ ጥቅም ማስተማር ያሳፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ አለቆች ራሳቸው እንዲሠለጥኑና የሥራው አደረጃጀት እንዲስተካከል መክሯል። ይኸው ድርጅት ከዚያ ቀደም፣ በ2019፣ በሥራ ብዛት መዛልን የሰውየው ሕመም ብሎ አልመዘገበውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰውየውን ብቻ ብታክሙ ሥራው መልሶ ያሳምመዋል።

አዲስ ገቢ የሆነውን «ወጣት ነው፣ ይችላል» ብሎ የሌሊት ተራውን ሁሉ መስጠት በየሆስፒታሉ የተለመደ ነው። ወጣት እንቅልፍ አያስፈልገውም ያለ ማን ነው? እንቅልፍ ያጣ ባለሙያ የመድኃኒት መጠን ይስታል፣ ታካሚ ላይ ይጮኻል፣ ከዚያ አልጋው ላይ ሆኖ ራሱን ይወቅሳል። ተራው ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ከሌሊት በኋላ የሚቀጥለው ቀን እረፍት ይሁን፤ በመጀመሪያው ወር ብቻውን አይደር።

የምናየውን የምንሰማውንም እንቁጠረው። ዳባት ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚመዘግብበት የጥናት ማዕከል አለ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን አስቀምጠው ሟቹ እንዴት እንደታመመ፣ ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳረፈ ይጠይቃሉ። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ቀላል ሥራ አይደለም። አገሪቱ ስለ ሞት ምክንያት የምታውቀው ጥቂት ነገር የሚገኘው በእንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በዚያ ላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና የደረሰውን ግድያ፣ ከዚያም ወዲህ መንገድና ኢንተርኔት የተዘጋባቸውን ወራት አስቡ። አስተማሪው የሚያስተምረው አባቱን ያጣ ልጅ ነው፤ ነርሷ የምታክመው የተፈናቀለ ሰው ነው፤ ምናልባት ሁለቱም የራሳቸው ቤት ሐዘን አለ። ለበዓል አገራቸው መግባት እንኳ ያቃታቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ወጣት ከሥራ መልስ አሥራ አምስት ደቂቃ ቡና ይዞ «ዛሬ ምን ገጠመህ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ምክር አያስፈልግም፣ መስማት ይበቃል።

ይህን ሥራ ለአንድ ሰው በስም ስጡት። «ሁላችንም አለንለት» ማለት ማንም የለውም ማለት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የሠራ፣ አፉ የማይቆጣ፣ የልጁ የቅርብ አለቃ ያልሆነ ሰው ምረጡ። ቤት ኪራይ ያፈላልግለት፣ ሱቁን ያሳየው፣ እሑድ ቤቱ ይጥራው። ሴት ከሆነች ሴት ትሁንላት። የሚቆለፍ በር ያለው ቤት፣ በቅርብ ያለ ሽንት ቤትና ከማታ ሥራ በኋላ አብሮ የሚሸኝ ሰው ለእሷ የጤና ጉዳይ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «ለሥራ ጉዳይ» እያለ ቤቱ የሚጠራትን ኃላፊ ዝም ካላችሁት ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል።

ያው አዋጅ በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሰው የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በመንግሥት ቤት ይረዝማል። ወጣቶች በዚህ ጊዜ ሕመማቸውን ይደብቃሉ፣ እንዳይባረሩ ፈርተው። የሚጥል በሽታ ያለበት መድኃኒቱን ደብቆ ይውጣል፣ ወይም ጭራሽ ያቆማል። የስኳር ታማሚዋ መርፌዋን ሽንት ቤት ትወጋለች። አለቃ በመጀመሪያው ቀን «ክትትል ያለህ ከሆነ ቀጠሮህን ንገረኝ፣ ምክንያቱን አልጠይቅህም» ቢል ብዙ ነፍስ ያርፋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሳይበቃ የሚቀርበት ጊዜም አለ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት በሰው ዕድሜ ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ድረስ እንደሚጀምር አሳይቷል። ይህ ዕድሜ ልጆቻችን የሚቀጠሩበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ካዘነ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየነቃ መተኛት ካቃተው፣ ምግብ ከዘጋው፣ «ለማንም አልጠቅምም» ማለት ከጀመረ ስንፍና አትበሉት። ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ሁሉ የሚከታተለው የሚመስለው ከሆነ አንድ ቀን አትጠብቁ። ጠበል የሚሄድ ከሆነም ይሂድ፣ ሕክምናውን ግን አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ለድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚወስድ «አልሠራልኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን እንዳይተወው የቅርብ ሰው ይከታተለው።

ራሱን ሊያጠፋ ያስባል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁት። «መኖር አስጠልቶህ ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ ይህ በጥናት የታወቀ ነው። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ውሰዱት። ከዚያ ካለፈ ጎንደር የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቀን ደግሞ ተራ በተራ አብሮት የሚያድር ሰው መድቡ።

አለቃ የሌላችሁን አልረሳሁም። ደባርቅ ውስጥ የፓርኩን እንግዳ የምትጠብቁ ወጣት አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና ሙለኞች አላችሁ። ቱሪስት በቀረባቸው ዓመታት ወረፋ መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆኖባችኋል። ማኅበራችሁ የመድቡልኝ ያልኩትን ያን አንድ ሰው ከእናንተው መካከል ይምረጥ።

አንቺ አዲስ የተቀጠርሽ፣ አንተም ትናንት መናኸሪያ የወረድክ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፦ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጎረቤትና አንድ የሥራ ባልደረባ በስም እወቁ። ቁርስ አትዝለሉ፣ በሶም ቢሆን። ምሽት ላይ ስልካችሁን ከፍራሹ አርቃችሁ ተኙ። የማታውቁትን ሥራ «አላውቀውም፣ አሳዩኝ» በሉ። ሐኪም ቤት ስትመጡም «ጨጓራዬን» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ እንቅልፋችሁንና ሐሳባችሁን ጭምር ንገሩን። ካርዳችሁ ላይ የምንጽፈው ለአለቃችሁ አይነገርም፤ ፈቃድ ካስፈለጋችሁ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የእረፍቱ ቀን ብዛት እንዲሆን ጠይቁ።