የመውጣት መብት የሌለበት ምርጫ

ማናቸውም ውል ቅርፅና ይዘት አለው። በቅርፁ ሲታይ ሁለት እኩል ወገኖች በነፃ ፈቃዳቸው የተስማሙበት ሰነድ ነው። ይዘቱ ሲመረመር ግን በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ሚዛን የሚንጸባረቅበት ሆኖ ይገኛል። የእጅ ስልክ አገልግሎት ውል ለዚህ ከሁሉ የቀረበ ምሳሌ ነው። በአንድ በኩል ውሉን ራሱ ያረቀቀ፣ የሕግ ባለሙያ የቀጠረና የሒሳብ መዝገቡን በእጁ የያዘ ኩባንያ አለ። በሌላው በኩል ከረቂቁ አንዲት ቃል እንኳ ለማስለወጥ የማይችል፣ ከመፈረም ወይም ከመተው በቀር አማራጭ ያልተሰጠው ግለሰብ ቆሟል። ይህ ልዩነት ውሉ በሚፈረምበት ዕለት እምብዛም አይታይም። ጎልቶ የሚወጣው ደንበኛው ወደ ሌላ ኩባንያ ልዛወር ባለበት ዕለት ነው።

«ገበያው ለውድድር ከተከፈተ የደንበኛው መብት በራሱ ጊዜ ይከበራል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ውድድር ደንበኛውን የሚጠቅመው ደንበኛው ትቶ መሄድ ሲችል ነው። በሩ ለተቆለፈበት ሰው የጎረቤቱ ዋጋ ቢረክስ ምን ይፈይድለታል? የትም ሊሄድ የማይችልን ደንበኛ ለማስደሰት ሲል ዋጋ የሚቀንስ ነጋዴስ ወዴት ይገኛል?

የብሪታንያ ልምድ ይህንን በተጨባጭ ያረጋግጣል። በዚያች አገር የእጅ ስልክ ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዲዛወር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ሆኖም መብቱ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላም ደንበኛው የማዛወሪያ ኮዱን ለማግኘት ወደሚለቀው ኩባንያ መደወልና እንዲቀር የሚወተውቱትን ሠራተኞች ማሳመን ነበረበት። ከተዛወረም በኋላ የማስጠንቀቂያ ጊዜ እየተባለ ላልተጠቀመበት አገልግሎት ይከፍል ነበር። ይህ አሠራር የተለወጠው ኦፍኮም የተባለው የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ባወጣው ደንብ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ዛሬ ደንበኛው «ፓክ» የሚለውን ቃል በአጭር መልእክት ወደ 65075 ይልካል። ኩባንያው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለ30 ቀን የሚያገለግል ኮድ ከቀሪ ዕዳው ዝርዝር ጋር ለመስጠት ይገደዳል። ኮዱን የተቀበለው አዲሱ ኩባንያ ደግሞ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ቁጥሩን ያዛውራል። ከመዛወሪያው ቀን በኋላ ላለው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ መጠየቅም ተከልክሏል።

ሌሎቹም ቁልፎች የተከፈቱት እንዲሁ ተራ በተራ ነው። የውሉ ዘመን ሊያበቃ ሲል ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ተጣለ። በአንድ ኩባንያ መረብ ላይ ብቻ እንዲሠሩ የተቆለፉ ቀፎዎችን መሸጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ተከለከለ። የውሉ ዘመን ሳያልቅ ዋጋን ከኑሮ ውድነት መጠን ጋር እያያያዙ መጨመር እ.ኤ.አ. በ2023 የብዙ ደንበኞችን ክፍያ በ14.4 በመቶ ካናረ በኋላ፣ ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ጭማሪው አስቀድሞ በፓውንድና በፔንስ ተለይቶ እንዲጻፍ ተደነገገ። አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ በ1999 እና በ2019 መካከል 20 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ውድድር ነበር፤ የጎደለው መውጫው ነበር።

ይሁን እንጂ ደንብ መውጣቱ ብቻውን መብትን አያስከብርም። በለንደንም ሆነ በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ጭምር ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በመሰናበቻው ሒሳብ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ሊመጡ ይችላሉ፤ እስከ መዛወሪያው ቀን ያለው የአገልግሎት ዋጋ፣ ውሉ ከዘመኑ በፊት በመቋረጡ የሚጠየቅ ክፍያና የቀፎው ቀሪ ዋጋ። እያንዳንዱን ከውሉ ጋር አስተያይቶ የሚገባውን ከማይገባው መለየት የክርክሩ መሠረት ነው። በንዴት ተነሳስቶ የባንክ ክፍያውን ማስቋረጥ ግን ትክክለኛውን ተከራካሪ ባለዕዳ ያስመስለዋል። ያልተከፈለው ሒሳብ እንደ ጉድለት ከተመዘገበ በብድር መዝገቡ ላይ 6 ዓመት ይቆያልና ቤት ለመከራየትም ሆነ ለመበደር እንቅፋት ይሆናል። የተሻለው መንገድ አቤቱታን በጽሑፍ ማቅረብ፣ መልሱን ማስቀመጥ፣ በተወሰነው የሳምንታት ገደብ ውስጥ መፍትሔ ካልተገኘም ጉዳዩን ከኩባንያው ውጭ ወዳለው የግልግል አካል መውሰድ ነው። ይህ አገልግሎት ለደንበኛው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ደንበኛው ከተቀበለው ውሳኔው በኩባንያው ላይ የጸና ይሆናል።

ኩባንያዎችም የሚያነሡት ተገቢ ጥያቄ አለ። ውድ ቀፎ በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ በሦስተኛው ወር የሚሰወር ደንበኛ ኪሳራ እንደሚያደርስ አያጠያይቅም። የመውጣት መብት ዕዳን የመካድ መብት አይደለም። መፍትሔው ዕዳውን ከቁጥሩ መነጠል ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ ደንበኛው ያልከፈለው ሒሳብ ወይም የውል ማቋረጫ ዕዳ ቢኖርበትም እንኳ የቀድሞው ኩባንያ ቁጥሩን አላዛውርም ሊል አይችልም። ዕዳውን በሕጋዊ መንገድ ይጠይቃል፤ ቁጥሩን ግን መያዣ አያደርግም። ዕዳ ሌላ፣ ቁጥር ሌላ ነው።

ይህ መርሕ ለእኛም አገር የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ለረጅም ዘመን በአንድ ድርጅት ብቻ ሲሰጥ የቆየው የቴሌኮም አገልግሎት በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለውድድር ተከፍቶ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። እርግጥ አብዛኛው ደንበኛችን በቅድሚያ ክፍያ የሚጠቀም በመሆኑ የ24 ወር ውል እንደ ብሪታንያ አላሠረውም። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ማሠሪያ ሊሆን ይችላል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የነጋዴዋ ደንበኞች የሚያውቋት በቁጥሯ ነው፤ ገንዘብ የሚላክላትም በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሯን ጥላ ካልሆነ በቀር ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የማትችል ከሆነ፣ የአቅራቢዎቹ ቁጥር ሁለትም ሆነ አምስት ለእርሷ ያው አንድ ነው።

ስለሆነም የአንድን የቴሌኮም ገበያ ነፃነት ለመመዘን የኩባንያዎቹን ብዛትና የማስታወቂያቸውን ድምቀት መቁጠር አይበቃም። ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ በስንት ቀን፣ በስንት ብርና በማን ፈቃድ ሊወጣ ይችላል የሚለው ነው። የተቆጣጣሪው ተግባር ይህን ጥያቄ አስቀድሞ በደንብ መመለስና አፈጻጸሙን መከታተል ነው። የአቅራቢዎቹ ተግባር የመውጫውን አንቀጽ እንደ መግቢያው አንቀጽ በግልጽ ቋንቋ መጻፍ ነው። የተጠቃሚው ተግባር ደግሞ ሳሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆን፣ ከመፈረሙ በፊት የውሉን የመጨረሻ ገጽ ማንበብ ነው።