ከአንቀጽ 17 እስከ ሳዑዲ ቪዛ

የውጫሌ ልጅ ነኝና ስለ ውል ብናገር የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላል»፣ በጣሊያንኛው «ግድ ነው» ዓይነት ነበር። መዘዙ ዓድዋ ድረስ ሄደ።

ለመሆኑ ዛሬ የሰፈራችን ልጆች ለሳዑዲ ቪዛ ሲሉ የሚፈርሙትን ውል ማን አንብቦላቸው ነው? ዐረብኛውን እኮ አብዛኛው ደላላም አያነበው! አዋጅ 923/2008 ውሉ በመንግሥት ይጽደቅ ይላል። ይሁን፣ ጸደቀ እንበል። ልጅቷ ሪያድ ደርሳ ሌላ ወረቀት ቀርቦላት «ፈርሚ» ስትባልስ? ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሚወጣላት ከፊል በተባለው አሠሪዋ በኩል ነው። ደመወዝ ተከልክላ ከማዳሟ ቤት ከወጣች ከፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል። በቃ! ቪዛ ይዛ በአውሮፕላን የሄደችውም ከኦቦክ በጀልባ ከተሻገረው ጋር እኩል ሕገ ወጥ ትሆናለች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገን ሲባረር ከከፊሉ ውጭ ሌላ ሰው ዘንድ መሥራትም ያስይዝ ነበር።

«ከሕገ ወጥ ደላላ ተጠንቀቁ» እያሉ በሬዲዮ መምከር ቀላል ነው ጌቶቼ! እኔ የምለው፣ የውሉ የአማርኛ ቅጂ በልጅቷ እጅ ይግባ፤ አንዱም ሪያድ ኤምባሲያችንና ጅዳ ቆንስላችን ይቀመጥ። ምኒልክ እንኳ ጣሊያን ሲክዳቸው የሚያመሳክሩበት የአማርኛ ቅጂ በእጃቸው ነበር።