ከሚዛኑ በፊት ስሙ ይነገር



በዚህ የአንባብያን አምድ ስለ ንግድና ስለ ነጋዴ ጠባይ ልዩ ልዩ አሳብ ሲገለጽ አያለሁ። እኔም በበኩሌ ከምኖርበት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂንያ፣ በሥራዬ ላይ ያጋጠመኝን አንድ ነገር አቅርቤ አንባብያን እንዲፈርዱበት እወዳለሁ። ጥፋቱ የራሴ ስለ ሆነ የማማው ሰው የለኝም።

ሥራዬ የጥንት ገንዘብ መግዛትና መሸጥ ነው። በዚህ አገር በየከተማው አንዳንድ እሑድ በሆቴል ወይም በማኅበር አዳራሽ የጥንት ገንዘብ ገበያ ይቆማል፤ አገሬው «ኮይን ሾው» ይለዋል። ነጋዴው የጠረጴዛ ኪራይ ይከፍልና ባለመስተዋት ሣጥኑን፣ ሚዛኑን፣ ማጉያ መነጽሩንና ማግኔቱን ዘርግቶ ይቀመጣል። ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ነጋዴ ከነጋዴ ይገበያያል፤ አንድ ብር በአንድ ጧት ሦስት ጠረጴዛ ሊዞር ይችላል። ከዚያ በኋላ በሩ ይከፈታል፤ ግማሹ ሰው ለመግዛት፣ ግማሹም ከአባት ከእናቱ የወረሰውን ለመሸጥ ይመጣል።

በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ባለ ገበያ ተቀምጬ ሳለሁ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋራ መጡ። አማርኛ መናገሬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። መሐረባቸውን ፈትተው ሰባት ብር በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «የእናቴ ነው። እኅቴ አገር ቤት ታማብኛለች፤ ሸጬ ልልክላት ነው። እኔ ዋጋውን አላውቅም ልጄ፤ ያገሬን ልጅ ካገኘሁ አንተ ያልከውን እቀበላለሁ» አሉኝ።

ስድስቱ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ነበሩ። ሰባተኛው ግን የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነበር፤ ዘመኑ 1889 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና የአንበሳው ጋማ ገና ያልተፋቀ።

ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ላስረዳ። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልክ ብርም የጠገራውን ቦታ እንዲይዝ ታስቦ በፓሪስ የተመታ ስለ ሆነ ክብደቱ ያው 28 ግራም ያህል፣ ጥራቱም 835 ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁለቱ እኩል ናቸው። በሰብሳቢ ዘንድ ግን እኩል አይደሉም። ጠገራው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሚሊዮን እየተቈጠረ ሲመታ የኖረ ነው። የምኒልክ ብር ግን በቍጥር እጅግ ያነሰ ነው፤ በደኅና ይዞታ የተገኘ እንደ ሆነ ከብርነቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያወጣል።

እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም። ሰባቱንም ባንድነት ሚዛን ላይ አወጣሁና እያንዳንዱን በ10 ዶላር ሒሳብ 70 ዶላር ከፈልሁ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የምኒልክን ብር ለጎረቤቴ ነጋዴ በ90 ዶላር ሸጥሁት። ገንዘቡን ቈጥሬ ቀና ስል እኒያ እናት በበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው መኪናውን እስኪያመጣ ሲጠብቁ አየኋቸው። በመካከላችን ሃያ ርምጃ እንኳ አይሞላም ነበር። አልተነሣሁም።

ከዚያ ወዲህ በዚያው አዳራሽ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ነጠላ የለበሰች ሴት በገባች ቍጥር ቀና ብዬ አያለሁ፤ እሳቸውን ግን አላገኘኋቸውም። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይህን በዚሁ ሥራ ላለ አንድ ያገሬ ሰው ባጫውተው ሣቀብኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም። መጽሐፍ ገዝቼ፣ ኪራይ ከፍዬ፣ ስንት ጊዜ በሐሰተኛ ብር ተታልዬ የተማርሁትን ለምን በነጻ እናገራለሁ? ለጠየቀኝ ሰው ዋጋ ነግሬ ከፈልሁት፤ ሌላ ምን ዕዳ አለብኝ?» አለ።

ቃሉ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነጋዴ ካላተረፈ ጠረጴዛውን ይዘጋል። በጧቱ የነጋዴዎች ገበያ ሁለታችንም አንድ ዓይነት መነጽርና ሚዛን ይዘን ስንገናኝ ማንም ማንን ማስተማር የለበትም፤ የተታለለ በራሱ ይፍረድ። ነገር ግን አንዱ ዓይኑን ገልጦ፣ ሌላው አምኖ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገበያዩበት ንግድ ከዚህ የተለየ ነው። «እማማ፣ ይህች አንዲቱ ልዩ ናት፤ በ60 ዶላር እገዛዎታለሁ፣ እኔም በ90 እሸጣታለሁ» ብል ኖሮ እሳቸው 120 ዶላር ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ለኔም ከዚያችው ብር 30 ዶላር ይተርፈኝ ነበር። ትርፍ ለድካም ይገባል፤ ለዝምታ ግን አይገባም።

እውነቱ ደግሞ ለሻጭ ብቻ ሳይሆን ለገዢም የሚነገር ነው። ብዙ ወጣቶች በጠገራው ላይ 1780 የሚለውን አይተው ከ240 ዓመት በላይ የቈየ ቅርስ ያገኙ ይመስላቸዋል። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ስለ ሞተች ዘመኑ ሳይለወጥ ቀርቶ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም አስመታች፤ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ተመትቷል፤ በቪየና ዛሬም ይመታል። የብዙዎቹ ዋጋ ከብርነታቸው እምብዛም አያልፍም። እኔም ቀድሞ «1780» ብቻ ጽፌ እሸጥ ነበር፤ ዛሬ ከሥሩ «በኋላ ዘመን የተመታ» ብዬ እጨምራለሁ። ይህን ያነበበ አንዳንዱ ብሩን መልሶ አስቀምጦ ይሄዳል። ይሂድ።

ስለዚህ የጥንት ገንዘብ ለምንነግድ ሁሉ፣ በውጭም በአገር ቤትም፣ የምለው ይህን ነው። ሻጩ ያመጣው ገንዘብ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነገረው፤ ከዚያ በኋላ ይመዘን። የሚዛኑም ፊት ወደ ሻጩ ይዙር። የማያውቅ ሰው የመጣ እንደ ሆነ «ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ጠይቀው ይመለሱ» ይባል። እኔ ይህን ካደረግሁ ወዲህ ሳይመለሱ የቀሩ አሉ፤ ተመልሰው ጎረቤታቸውንም ያመጡልኝ ግን ይበልጣሉ።

በሣጥናቸው የጥንት ብር ያላቸው አንባብያንም በአመድ ወይም በሎሚ እያሹ አያንጹት፤ የተፋቀና የተበሳ ብር በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳልና። ከመሸጣቸውም በፊት እያንዳንዱን ለይተው ይዩ፤ የንጉሠ ነገሥት መልክና አንበሳ ያለበትን ከጠገራው ጋራ ባንድ ሚዛን አያስመዝኑ።

በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ጠርዝ ዙሪያ የንግሥቲቱ መሪ ቃል በላቲን ተቀርጾ ይገኛል፤ ትርጓሜውም «ፍትሕና ርኅራኄ» ማለት ነው። በዚያች እሑድ ስድስት ጊዜ በእጄ አገላብጬው ነበር። የማየው ግን ሚዛኑን ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤
አንድ የጥንት ገንዘብ ነጋዴ
ከቨርጂንያ